ንጹሕ ኒያ፣ ክፍት በርሜል

 

ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ በርሜል ነው። አትሳቁ፤ እስከ መጨረሻው አብራችሁን ቆዩ።

ድሬዳዋን የምታውቁ ቀፊራን ታውቃላችሁ። ቅስት ያለውን የገበያውን ግንብ፣ ማንጎና ፓፓያ ዘርግተው የተቀመጡትን እናቶች፣ በጠባቡ መንገድ የሚሽሎከለኩትን ባጃጆች ታውቃላችሁ። በዚያ አካባቢ ወዳሉት ግቢዎች ጎራ ብትሉ ደግሞ በየበሩ አንድ የማይጠፋ ነገር ታያላችሁ፤ የውሃ ማጠራቀሚያ ነው። አንዱ ጋ በርሜል፣ አንዱ ጋ ሮቶ፣ አንዱ ጋ በረድፍ የተደረደረ ጀሪካን። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ የመጣ ዕለት ያልሞላ ሰው ሳምንቱን በችግር ያሳልፋል። ሙቀቱ ደግሞ የድሬ ሙቀት ነው።

እንግዲህ አንዲት እናት አስቡ። ሌሊት ቧንቧው ሲንኳኳ ሰምታ ትነሳለች። በርሜሏን ትሞላለች። ለምግብ፣ ለልጆቿ ገላ፣ ለውዱእ የሚሆን ውሃ ነው። ክዳኑ ከተሰበረ ቆይቷል፤ የቆርቆሮ ቁራጭ ጣል ታደርግበትና «አልሐምዱሊላህ» ብላ ትተኛለች። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ሦስተኛው ቤት ያለ የጎረቤት ልጅ ይንቀጠቀጣል፣ ያተኩሰዋል፣ ወባ ነው ይባላል። ልጁን የነደፈችው ቢምቢ ያደገችው በዚያ በርሜል ውስጥ ነበር።

ይህች እናት በደለች? ክፉ አላሰበችም። አላወቀችም። አላየችም። ውሃ ማጠራቀሟ ለቤተሰቧ ማሰቧ ነው። ግን አንድ ልጅ ታሟል። የዛሬው ጥያቄያችን ይሄ ነው፦ ሳናስበውና ሳናውቀው ከእጃችን ለሚወጣ ጉዳት ምን ያህል ተጠያቂ ነን?

ይህን ለመመለስ መጀመሪያ ቢምቢዋን እንወቃት።

ሳይንቲስቶች አኖፊለስ ስቴፈንሲ ይሏታል። የቆየ አገሯ ደቡብ እስያና የዐረብ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ነው። በአፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ የተለየችው በ2012 እ.ኤ.አ. በጅቡቲ ነው። በ2016 በእኛ ሀገር በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሀር ተገኘች። በ2018 በምሥራቅ ኢትዮጵያ ከተሞች በተደረገ ቅኝት ደግሞ ድሬዳዋን ጨምሮ በበርካታ ቦታዎች መኖሯ ታወቀ። መጤ ወራሪ ዝርያ የሚባሉት እንዲህ ያሉት ናቸው፤ ከቆየ ቦታቸው ወጥተው፣ አዲስ ቦታ ላይ ተራብተው፣ ጉዳት የሚያደርሱ ፍጥረታት።

«ወባ ድሮም ነበረ፣ አንዲት ቢምቢ ብትጨመር ምን ለውጥ አለው?» ትሉ ይሆናል። ለውጡ ትልቅ ነው። እኛ የምናውቃት የወባ ትንኝ በአብዛኛው የገጠር ናት። ዝናብ ሲያባራ በሚቀር ኩሬ፣ በረግረግ፣ በወንዝ ዳር ትራባለች። ውሃው ሲደርቅ እሷም ትቀንሳለች። ስለዚህ ወባ ወቅት ነበረው፤ ከተሜውም «ወባ የቆላ ገጠር በሽታ ነው» እያለ ተዘናግቶ ኖሯል። ይህች አዲሷ ግን ከተማ ትወዳለች። እንቁላሏን የምትጥለው በበርሜል፣ በታንከር፣ በሮቶ፣ በግንባታ ቦታ ለሲሚንቶ ማቡኪያና ለኮንክሪት ማጠጫ በሚጠራቀም ውሃ ውስጥ ነው። ዝናብ አትጠብቅም። በጋ ሲበረታ እኛ ይበልጥ ውሃ እናጠራቅማለን፤ እሷም በበጋው ቤት አገኘች ማለት ነው። ደግሞ በሀገራችን የተመረመሩት ብዙ የፀረ ተባይ ኬሚካሎችን መቋቋም የሚችሉ ሆነው ተገኝተዋል።

ውጤቱን ድሬዳዋ አይታዋለች። በከተማዋ በ2019 እ.ኤ.አ. ዓመቱን ሙሉ የተመዘገበው የወባ ታማሚ 205 ነበር። በ2022 ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ብቻ ግን ቁጥሩ ከ2,400 በላይ ሆነ። ከታመሙት መካከል የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ፤ እንደናንተ ያሉ ወጣቶች ማለት ነው። የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከአጋሮቻቸው ጋር ሆነው ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ 2022 በታማሚዎቹ ዙሪያ ጥናት አደረጉ። ታማሚ በተገኘባቸው ቤቶች አቅራቢያ ይህችን ቢምቢ አገኟት። በውስጧም የወባ ተሕዋስያንን አገኙ። ጥናቱ በ2023 ታትሞ ሲወጣ፣ ይህች መጤ ቢምቢ በአፍሪካ ከተማ የወባ ወረርሽኝ እንደምታስነሳ እስከዚያ ከነበሩት ሁሉ ጠንካራው ማስረጃ ተባለ። ማስረጃው የተገኘው ከእኛው ድሬ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ስለ ጥፋት ስናስብ ብዙዎቻችን በሁለት ሚዛን እንጠቀማለን። ሌላውን የምንመዝነው በመጣበት ነው። ራሳችንን የምንመዝነው በኒያችን ነው። ይህች ትንሽ ፍጥረት ሁለቱም ሚዛኖች የተጣመሙ መሆናቸውን ታሳየናለች።

ከመጀመሪያው እንጀምር። «መጤ» የሚለው ቃል በሀገራችን ከባድ ቃል ነው። ሰው በሰው ላይ ወርውሮት ያውቃል። ቤት ፈርሶበታል፣ ጎረቤት ተቆራርጦበታል። ስለዚህ ይህን ቃል ለቢምቢ ስንጠቀምበት እንኳ መጠንቀቅ አለብን። መጤ መሆን በራሱ ጥፋት ነው ያለው ማነው?

እስቲ ቀፊራን ዞር ዞር ብላችሁ ተመልከቱ። ማንጎው ጥንት ከእስያ የመጣ ነው። ፓፓያው፣ ዘይቱኑ፣ ቲማቲሙ፣ ድንቹ፣ ወጣችን ያለሱ ወጥ የማይመስለን በርበሬ እንኳ መሠረታቸው አሜሪካ አህጉር ነው። የምትሳፈሩበት ባጃጅ የሕንድ ሥሪት ነው። ድሬዳዋ ራሷ ከተማ ሆና የቆመችው በ1902 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ሲደርስ ነው። ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ዐረቡ ተገናኝቶ፣ ተጋብቶ፣ አንዱ በሌላው ቋንቋ ቀልዶ የኖረባት ከተማ ናት። መምጣት ጥፋት ቢሆን ከድሬ የሚተርፍ ምን አለ?

ሌላም ልጨምርላችሁ። በ1930 እ.ኤ.አ. በብራዚል ናታል በምትባል የወደብ ከተማ አንዲት እንግዳ የወባ ትንኝ ተገኘች። ከምዕራብ አፍሪካ ባሕር ተሻግራ እንደሄደች ይታመናል። ቀስ በቀስ ተስፋፋች። በ1938 የቀሰቀሰችው የወባ ወረርሽኝ ከ14,000 በላይ ሰው እንደፈጀ ይገመታል። ከብዙ ዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች በሙዚየም ተቀምጠው የነበሩ የዚያ ዘመን ናሙናዎችን ሲመረምሩ፣ ዝርያዋ አኖፊለስ አራቢየንሲስ ሆኖ ተገኘ። ይህች በኢትዮጵያ ዋና ወባ አስተላላፊ የሆነችው፣ እኛ «የኛዋ» የምንላት ትንኝ ናት። አያችሁ? እዚያ ስትሄድ መጤዋና ወራሪዋ የእኛዋ ነበረች። በዚህ የምትፈረጅ፣ በዚያ የቤት ልጅ ናት። ስለዚህ ቢምቢዋ የምትጠየቀው ከየት እንደመጣች ሳይሆን ምን እንደምታደርግ ታይቶ ነው። ማንጎው መጥቶ አበላን። እሷ መጥታ ልጅ ታሳምማለች። ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው።

ቢምቢን እንኳ በመጣችበት ሳይሆን በምታደርገው የምንመዝን ከሆነ፣ የአደም ልጅማ እንዴት? በሰፈራችሁ፣ በዶርማችሁ፣ በስልካችሁ ላይ አንድን ሰው «መጤ» ብሎ ለመጥራት ምላሳችሁ ሲያኮበኩብ ይህችን ቢምቢ አስታውሱ። ስለ ነፍሳት የተባለን ቃል ሰው ላይ መለጠፍ በደል ነው።

ሁለተኛው ሚዛን ይበልጥ ይከብዳል፤ ምክንያቱም የሚነካው ራሳችንን ነው። ሥራ በኒያ ነው የሚለውን ሐዲስ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ግን ብዙ ጊዜ የምናነሳው መቼ ነው? አንድ ነገር ሲበላሽብን ነው። «ኒያዬ ጥሩ ነበር» እንላለን፤ ጉዳዩም ተዘጋ እንላለን። ኒያ ሥራን ከአላህ ዘንድ ዋጋ የሚያሰጥ ነው፤ ይህ አያከራክርም። ግን ጥሩ ኒያ ያለው ሰው የሠራው ሥራ ምን እንዳፈራ ተመልሶ ከማየት ነጻ ይሆናል የሚል ትምህርት ከየት መጣ?

ለዚህም ምሳሌው ከድሬ አይርቅም። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ገደማ ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍ ወደ ሀገራችን ገብቶ ከተተከለባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ የድሬዳዋ አካባቢ ነበር። የተከሉት ሰዎች ክፉ አላሰቡም። በረሃማነትን ለመግታት፣ አፈሩን ለመያዝ፣ ጥላና ማገዶ ለመስጠት ነበር። ቆንጆ ኒያ ነው። ዛፉ ግን ድርቅን ይችላል፣ ሥሩ ጥልቅ ነው፣ ሲቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣል። ከብትና ግመል ፍሬውን ይበላሉ፤ ዘሩ ከእበታቸው ጋር ወጥቶ በሄዱበት ሁሉ ይበቅላል። ዛሬ በአፋር ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ወርሯል። ሣር የነበረበት የግጦሽ መሬት ጫካ ሆኗል፤ አርብቶ አደሩ መንገድና ውሃ መውረጃ ተዘግቶበታል። አፋሮች በቋንቋቸው «የደርግ ዛፍ» ብለው ሰየሙት። ልብ በሉ፤ ሕዝቡ ዛፉን የሰየመው በተካዮቹ ኒያ ሳይሆን በተካዮቹ ስም ነው። የተጎዳ ሰው የሚያስታውሰው ያንን ነው።

ስህተቱ የት ላይ ነበር? መትከሉ ላይ ብቻ አልነበረም። ተክሎ አለመመለሱ ላይም ነበር። ችግኙ ከአጥሩ ሲወጣ፣ ሁለት ሲሆን፣ አሥር ሲሆን በጊዜ ያየና የነቀለ ቢኖር ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር። ወራሪ ዝርያ ሁሉ እንዲህ ነው። ጥቂት ሳለ በእጅ ይነቀላል፤ ከበዛ በኋላ በመንግሥት በጀትም አይቻልም። ኃጢአት ላይ የሚነገረንን ምክር ታስታውሳላችሁ አይደል? ትንሹን አትናቁ የሚለውን።

ወደ እናታችን በርሜል እንመለስ። ያን ጊዜ አላወቀችም ነበር፤ ያላወቀ ሰው ዑዝር አለው። እኛ እሷ ላይ ልንፈርድባት አልመጣንም። ግን እናንተ አሁን ይህን እያነበባችሁ ነው። ካሁን በኋላ የእናንተ በርሜል እንደ ትናንቱ አይደለም። ዒልም የመጣ ጊዜ አማና አብሮ ይመጣል። ትናንት ውሃ ብቻ የነበረው ነገር ዛሬ የጎረቤት ሐቅ ሆኗል። ኒያችን እንደ ድሮው ንጹሕ ነው፤ በርሜሉ ግን ክፍት ከሆነ፣ ንጹሑ ኒያ ለሦስተኛው ቤት ልጅ ምን ይጠቅመዋል?

ስለ መርከቧ ሰዎች የተነገረውን የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ምሳሌ ታውቁታላችሁ። ከታች ያሉት ውሃ ለመቅዳት ወደ ላይ መመላለሱ ከበዳቸውና፣ ላይኞቹን እንዳናስቸግር በድርሻችን በኩል ቀዳዳ እንክፈት አሉ። ኒያቸው ምን ነበር? ውሃ መቅዳት፤ ደግሞም ሰው አለማስቸገር! ከዚህ የበለጠ ጥሩ ኒያ አለ? ግን ከተተዉ ሁሉም ይሰጥማሉ። እኔ ይህን ምሳሌ ብዙ ጊዜ ሰምቼ ስለ ውሃ መሆኑን ልብ ያልኩት በቅርቡ ነው። ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ የተጠሙ ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ቅሬታ ይነሳል። «ውሃ የሚያጠራቅመው ድሃው ነው። ቧንቧው ቀን ከሌት ቢፈስለት ማን በርሜል ይደረድራል? ጥፋቱን ከድሃ እናት በርሜል ላይ መለጠፍ ፍትሕ ነው ወይ?» እውነት ነው። ሸክሙ እኩል አይከፋፈልም። ውሃ ለከተማው የሚያዳርሰው አካል ድርሻ አለው። ፎቅ ለማሠራት ጉድጓድ ሙሉ ውሃ አጠራቅሞ ለሳምንታት ክፍቱን የሚተው ባለሀብት ድርሻው ከእናታችን በርሜል እጅግ ይበልጣል። ዐቅም ያለው በዐቅሙ ይጠየቃል። መርከቧ ላይም ላይኞቹ አሉ፤ ታችኞቹ ውሃ እንዲያገኙ ማመቻቸት የእነሱ ኃላፊነት ነው።

ግን የሌላው ድርሻ መብዛቱ የእኔን ድርሻ አያጠፋውም። «እነሱ ካልከደኑ እኔ ብከድን ምን ዋጋ አለው?» የሚለው ሒሳብ በሁለት በኩል ስህተት ነው። አንደኛ፣ ከአንድ ክፍት በርሜል የሚወጡት ቢምቢዎች መጀመሪያ የሚያገኙት እናንተንና የቅርብ ጎረቤቶቻችሁን ነው። ሁለተኛ፣ ቂያማ ላይ የምንጠየቀው ስለ ሰፈሩ በርሜል ሁሉ አይደለም፤ ስለ እኛ በርሜል ነው።

ሌላው ቅሬታ ደግሞ «የአላህ ቀደር ነው፤ የተጻፈ አይቀርም» የሚለው ነው። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ መንገድ ላይ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ውሳኔ መሸሽ ነውን ብለው ሲጠይቋቸው፣ ዑመር የመለሱት መመለሱም የአላህ ውሳኔ መሆኑን ነው። አንዱ ወገኑ ለምለም፣ ሌላው ወገኑ ደረቅ የሆነ ሸለቆ ውስጥ ግመል የሚያሰማራን ሰው ምሳሌ አደረጉ፤ የትኛውም ዘንድ ቢያሰማራ በቀደር ነው። እንግዲህ ክፍት በርሜልም በቀደር ነው፤ የተከደነ በርሜልም በቀደር ነው። ምርጫው የተሰጠን እኛ ነን።

ታዲያ ምን እናድርግ? ስለ ወራሪ ዝርያ የሚሠሩ ባለሙያዎች ሥራቸውን በሦስት ይከፍሉታል፦ መለየት፣ መከታተል፣ መቆጣጠር። እኛም ቤታችን ውስጥ ሦስቱን ማድረግ እንችላለን።

መለየት፦ ይህችን ዝርያ ከሌሎቹ የወባ ትንኞች በዓይን መለየት የእኛ ሥራ አይደለም፤ ማጉያ መነጽርና የዘረመል ምርመራ ይጠይቃል። የእኛ ሥራ እጩን ማወቅ ነው። የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ የበርሜሉን ውሃ ከላይ ተመልከቱ። እንደ አጭር ክር ሆነው የሚንቀሳቀሱ፣ ጥላ ሲያዩ ወደ ታች የሚሰምጡ ነገሮች ካሉ እጭ ነው። በውሃው ፊት ላይ ጋደም የሚሉት የወባ ትንኝ ወገን ናቸው፤ ጭንቅላታቸውን ቁልቁል አድርገው የሚንጠለጠሉት የሌሎቹ ናቸው። ግን የሌሎቹም ቢሆኑ አይናቁ። በ2013 ዴንጌን፣ በ2019 ቺኩንጉንያን በድሬዳዋ ያዛመተችው ትንኝ የምትራባው በዚያው ዓይነት ዕቃ ውስጥ ነው። አንድ ክዳን ሁሉንም ይከለክላል።

መከታተል፦ በሙቀት ጊዜ ከእንቁላል እስከ መብረር የሚፈጀው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ማየት ዑደቱን ይሰብራል። ሳምንታዊ ቀን ደግሞ እኛ አለን! ለጁሙዓ ገላችንን እንታጠባለን፣ ልብስ እንቀይራለን፣ ሽቶ እንቀባለን። ከዚያ በፊት አሥር ደቂቃ ለበርሜሉ ብትሰጡት ምን ይጎድላል? ከጁሙዓ እስከ ጁሙዓ ያለው ጊዜ ለእጩ እንዳይበቃው አድርጉ።

መቆጣጠር፦ በርሜሉን አጥብቃችሁ ክደኑ። ክዳን ከሌለ ወፈር ያለ ጨርቅ ወይም የአጎበር ቁራጭ ጎትታችሁ በገመድ እሰሩበት። ባዶ ሲሆን የውስጥ ግድግዳውን ፈትጉት። እጭ ያለበትን ውሃ ወደ ቦይ አትድፉት፤ ደረቅ መሬት ላይ ድፉትና ይድረቅ። ግቢ ውስጥ የተጣለ ጎማ፣ ቆርቆሮ፣ የተሰበረ ባልዲ አስወግዱ። የመስጂዳችሁን የውዱእ ታንከርም እዩት፤ ክዳኑ ከተከፈተ ሙአዚኑን ወይም ኮሚቴውን በአደብ ንገሩ። አቅመ ደካማ ጎረቤት ካለ ክዳን ገዝታችሁ ስጡ፤ ትንሽ ሰደቃ ይመስላል፣ ግን ስንት ቤት እንደሚጠብቅ አላህ ያውቃል። ትኩሳት የያዘው ሰው ካለም ቤት አታስተኙት፤ ጤና ተቋም ይሂድ። በድሬዳዋው ወረርሽኝ የተገኘው ተሕዋስ በፈጣን መመርመሪያ የመሰወር ምልክት ታይቶበታል፤ ስለዚህ ምርመራው «የለም» ብሎ ትኩሳቱ ከቀጠለ ተመልሳችሁ ሂዱ።

ይህ ሁሉ ይሠራል ወይ? ስለ ብራዚል የነገርኳችሁ ታሪክ መጨረሻ አለው። ብራዚላውያን ቤት ለቤት፣ የውሃ ዕቃ በውሃ ዕቃ፣ ኩሬ በኩሬ እየፈተሹ ሄዱ። በ1940 እ.ኤ.አ. ያቺ ትንኝ ከሀገራቸው ጠፋች። ተአምር መሣሪያ አልነበራቸውም፤ በየሳምንቱ ተመልሶ የሚያይ ሰው ነበራቸው። ይህችኛዋ ትከብድ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 በአፍሪካ መስፋፋቷን ለመግታት ሀገራትን ያስተባበረው ስለሚያሳስብ ነው፤ ከዚያ በፊት የወጣ አንድ ጥናትም በአፍሪካ ከተሞች ከ126 ሚሊዮን በላይ ሰው ሊያሰጋ እንደሚችል ገምቷል። ግን ሥራው የሚጀምረው ከአንድ ክዳን ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ማታ የውሃ ዕቃችሁን ክደኑ ብለው ማስተማራቸውን ታስታውሳላችሁ። በዓመቱ ውስጥ ወረርሽኝ የሚወርድበት ሌሊት እንዳለና ያልተከደነ ዕቃ እንደማያልፍ ተናግረዋል። በዐረብኛው ወረርሽኙ የተጠራበት ቃል «ወባእ» ነው፤ ከእኛው «ወባ» ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ጆሯችሁ ይሰማል። ሐዲሱ ስለዚህች ቢምቢ ነው ብዬ አልናገርም፤ ባልተረጋገጠ ነገር ዲንን ማስዋብ አይገባንም። ግን አንድ ሙእሚን ከመተኛቱ በፊት ተነስቶ ዕቃውን መክደን ሱንና ሆኖ ሳለ፣ እኛ ለመነሳት የምንሰንፈው ስንት ጊዜ ነው?

በመጨረሻ አንድ ነገር ልበላችሁ። የከደነ ሰው ምንም አያይም። የታመመ ልጅ ይታያል፤ ያልታመመ ልጅ አይታይም። በርሜላችሁን በየጁሙዓው ብትከድኑ፣ ማን ሳይታመም እንደቀረ አታውቁም። ማንም መጥቶ አያመሰግናችሁም። የሦስተኛው ቤት ልጅ ጠዋት ተነስቶ ወደ ቁርኣን ቤቱ ይሮጣል፤ በበራችሁ በኩል ሲያልፍም ዞር ብሎ አያያችሁም። ንጹሕ ኒያ የሚያስፈልገው እንግዲህ እዚህ ጋ ነው። ያጠፋነውን ለመሸፈን ሳይሆን፣ ማንም የማያየውን መልካም ሥራ ለአላህ ብለን ለመሥራት።

አላህ ቤቶቻችንን፣ ጎረቤቶቻችንን፣ ድሬያችንንና ሀገራችንን ከበሽታ ይጠብቅልን። የታመሙትን ያሽርልን። ኒያችንንም ሥራችንንም ያሳምርልን። አሚን።

አሁን ስልኩን አስቀምጡና በርሜሉን አይታችሁ ኑ።